የከበደው ጉበት

ሥራችን የአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛውን ቆርጦ ማውጣትና የቀረው በምን ፍጥነት እንደሚያንሰራራ ማየት ነበር። ጉበት እንደዚያ ተቆርጦም ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ ወደ ቀድሞ ክብደቱ ይመለሳል። የተቆረጠው ክፍል ግን ተመልሶ አይበቅልም፤ የሚፋፋው የቀረው ነው። እኛ ይህን ልናፋጥን ፈለግን። ለግማሾቹ አይጦች ኤችጂኤፍ የሚባለውን የእድገት ፋክተር (የጉበት ሴሎች እንዲከፋፈሉ የሚቀሰቅስ ፕሮቲን) ከኢንሱሊን ጋር፣ ለቀሩት ሳላይን (የጨው ውሃ) ብቻ እንወጋለን። ኤችጂኤፍ እ.ኤ.አ. በ1984 ጉበታቸው ከተቆረጠ አይጦች ደም የተገኘ ነው።

ኢንሱሊኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የጉበት ንቅለ ተከላ ሐኪሙ ቶማስ ስታርዝል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በውሾች ላይ ሲሠሩ፣ ከቆሽት ወደ ጉበት የሚፈሰው ኢንሱሊን ሲቀርበት ጉበት እንደሚሟሽሽ አሳይተዋል። ብቻውን ሴል ባያስከፋፍልም የሌላውን ጉልበት ያግዛል ብዬ ተከራከርኩ፤ ረታሁም።

ያስጨነቀኝ የደም ስኳር ነበር። ጉበቱ የተቆረጠ አይጥ ስኳሩ በራሱ ይወርዳል፤ ኢንሱሊን ሲጨመርበት ያልቅብኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ማታ ማንንም ሳላማክር ኢንሱሊን የሚወጉትን አይጦች የመጠጥ ውሃ በግሉኮስ ቀየርኩት። የሌሎቹን አልነካሁም። መዝገቡ ላይ ለሁሉም «ውሃ» ብዬ ጻፍኩ።

በ48ኛው ሰዓት ስንመዝን መድኃኒት የወሰዱት ጉበት ከበደ። ሚዛኑ ሳይጸዳ ለአለቃዬ ደወልኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ናሙናዎቹን በማይክሮስኮፕ የምትመረምረው ፓቶሎጂስት ጠራችኝ። «ና እስቲ እይ፤ ይሄ ያደገ ነው ወይስ ያበጠ?» ማይክሮስኮፑ ላይ ሴሎቹ በግላይኮጅን (በተከማቸ ስኳር) እና በስብ ተነፍተዋል። ከቀዶ ጥገና በኋላ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ስብ መታየቱ ያለ ነገር ነው፤ ይሄ ግን የዚያ ዓይነት አልነበረም። በኬአይ-67 የተቀለመውን ስላይድ አቀበለችኝ። ለመከፋፈል የተነሳ ሴል ኒውክለሱ ቡናማ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሜዳው ቡናማ በቡናማ መሆን ነበረበት። የእኛዎቹ ሳላይን ብቻ ከወሰዱት እንኳ ያነሱ ነበሩ።

«ምን አጠጣሃቸው?» አለችኝ፤ ዓይኗን ከሌንሱ ሳትነቅል።

ነገርኳት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስኳር መውረዱ ራሱ ጉበቱን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው። በአይጦች ላይ እንደታየው፣ ግሉኮስ ሲጨመር የሴል ክፍፍልን የሚገታው ፒ21 ፕሮቲን ይበረታል። እኔ በአንድ እጄ ኤችጂኤፍ እየወጋሁ በሌላው ፍሬን ስይዝ ነበር የከረምኩት። ፓቶሎጂስቷ ባትጠይቅ ኖሮ በዚያ ክብደት ላይ ተመሥርተን ወደ ትላልቅ እንስሳት ልንሻገር ነበር፤ ይህን ሳስብ አሁንም ያልበኛል።

ሁሉንም አንድ ዓይነት ውሃ አጠጥተን፣ ኢንሱሊኑን ቀንሰን ደገምነው። የክብደቱ ልዩነት ጠፋ ማለት ይቻላል፤ ቡናማዎቹ ኒውክለሶች ግን በመጠኑ በዙ። አለቃዬ አልተቆጡም፤ ዝም ብለው መዝገቡን አስመጡ። «ገጹን እንዳትቀድ» አሉኝ። «ውሃ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ከጎኑ «ግሉኮስ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።