ሞዴሉን በሳተላይቱ ዓይን ማየት፦ ከናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ንጽጽር ያገኘሁት ልምድ

የአየር ጥራት ሞዴል፣ ማለትም የአየር ብክለትን በኮምፒውተር የሚያሰላ ፕሮግራም፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ስለተባለው በካይ ጋዝ ያወጣውን ውጤት ከሳተላይት ምልከታ ጋር ማነጻጸር በትርፍ ጊዜዬ የያዝኩት ትምህርት ነው። ሰሞኑን ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጠው ኮዴ በትክክል መሥራቱን ስላረጋገጥኩ፣ ይህንኑ መንገድ ለጀመራችሁ ሁሉ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ ወደድኩ። ጽሑፉ ኩራት እንዳለበት አልክድም፤ አብዛኛውን ድካሜን የወሰደው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነም፣ እርሱም አቬሬጂንግ ከርነል የሚባለው (የሳተላይቱ መሣሪያ በየከፍታው ያለውን ጋዝ ምን ያህል እንደሚያይ የሚነግር የቁጥሮች ዝርዝር) ስለሆነ፣ የጽሑፉም ትልቁ ክፍል የእርሱ ነው።

መረጃ ማውረዱና ፋይል መክፈቱ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ2017 በመጠቀው ሴንቲኔል-5ፒ ሳተላይት ላይ የተገጠመውን ትሮፖሚ የተባለ መሣሪያ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ 2,600 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት እየቃኘ መላዋን ምድር በየቀኑ ያዳርሳል። ፒክስሉ፣ ማለትም እንደ አንድ ነጥብ የሚያየው ቁራሽ መሬት፣ በቅኝቱ መሃል ላይ 5.5 በ3.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ምሕዋር የወጣው ኦሚ የተባለው ቀዳሚ መሣሪያ ግን እጅግ አጥርቶ ሲያይ እንኳ ፒክስሉ 13 በ24 ኪሎ ሜትር ነበር። ኔትሲዲኤፍ በተባለው የሳይንስ መረጃ ቅርጽ የተቀመጡትን ፋይሎች በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ኤክስአሬይ በተባለው መሣሪያው አማካኝነት እከፍታለሁ፤ የጥራት መለኪያቸው ከ0.75 የሚበልጠውን ፒክስሎች ብቻ እወስዳለሁ፤ በካሬ ሜትር በሞል የተሰጠውን መጠን በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ ሞለኪውል ብዛት ለመቀየር በ6.022×10¹⁹ አባዛለሁ። እስከዚህ ድረስ ያለው በማንኛውም የመማሪያ ገጽ ላይ የሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ ከዜሮ በታች የሆኑ ዋጋዎችን አትጣሉ። በንጹሕ አየር ላይ እውነተኛው መጠን ለዜሮ በጣም የቀረበ ስለሆነ፣ የመለኪያው መዋዠቅ ከፊሉን ፒክስል ከዜሮ በላይ፣ ከፊሉን ደግሞ ከዜሮ በታች ያደርገዋል። ከዜሮ በታች ያለው ብቻ ሲጣል አማካዩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሞዴሉ በውቅያኖስና በበረሃ ላይ ያሳነሰ ይመስላል። አሉታዊ የጋዝ መጠን የለም ብሎ የሚከራከር ሰው በአንድ ፒክስል ላይ ልክ ነው፤ በአማካይ ላይ ግን ተሳስቷል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓትና ደመና ነው። ሳተላይቱ በየስፍራው የሚያልፈው በአካባቢው የፀሐይ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሌሊት የፀሐይ ብርሃን ስለሌለ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በብርሃን አይፈርስም፤ ቀን ደግሞ ኬሚስትሪው ስለሚፋጠን ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ የሞዴሉን የ24 ሰዓት አማካይ ከዚህች አንዲት ሰዓት ጋር ማነጻጸር ትርጉም የለውም። ደመናም እንደዚሁ ነው፤ ሳተላይቱ የሚያስቀርልን በአብዛኛው የጠራ ሰማይ የነበረባቸውን ቀናት ሲሆን፣ በእነዚህ ቀናት ፀሐዩ ስለሚበረታ ጋዙ በፍጥነት ይወገዳል። ሞዴሉ የሚነበበው ሳተላይቱ ባየበት ቀን፣ ባየበት ሰዓትና ባየበት ቦታ ብቻ መሆን አለበት። የወር አማካይ ካርታ ጎን ለጎን ለጥፎ «ይመሳሰላሉ» ማለት እንደ ማስዋቢያ ካልሆነ በቀር እንደ ምዘና ሊቆጠር አይገባም።

አሁን ወደ ከርነሉ ልመለስ። ሳተላይቱ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን መጠን በቀጥታ አይለካም። ከምድር ተንጸባርቆ የመጣውን የፀሐይ ብርሃን ከ405 እስከ 465 ናኖ ሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ተንትኖ፣ ብርሃኑ በተጓዘበት ዘወርዋራ መንገድ ላይ ያለውን ጋዝ ይገምታል። ይህን ወደ ቀጥተኛ ዓምድ፣ ማለትም ከአንድ ቦታ በላይ ቀጥ ብሎ ባለው አየር ውስጥ ወዳለው የጋዝ ድምር፣ ለመለወጥ ለአንድ ቁጥር፣ ማለትም ለአየር ክብደት ማካፈያው ማካፈል ያስፈልጋል። ያ ቁጥር የሚወሰነው በፀሐይና በመሣሪያው ማዕዘን፣ በምድር ገጽ ንጣት (ብርሃን በማንጸባረቅ አቅሙ)፣ በደመና፣ እንዲሁም ጋዙ በየከፍታው እንዴት እንደተደራጀ አስቀድሞ በተያዘ ግምት ነው። ለትሮፖሚ ይህ ቅድመ ግምት የሚመጣው ቲኤም5 ከተባለ ሌላ ሞዴል ሲሆን፣ ግሪዱ (ምድርን የሚከፋፍልበት እያንዳንዱ የመረብ ዓይን) 1 ዲግሪ በ1 ዲግሪ፣ ማለትም በምድር ወገብ ላይ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እንግዲህ አንድ ትልቅ ከተማ በዚህ ግሪድ ውስጥ ሲወድቅ፣ ከመሬት አጠገብ የተከማቸው ብክለት በዙሪያው ካለው ገጠር ጋር ይቀላቀላል። ቅድመ ግምቱ በታችኛው አየር ያለውን ድርሻ ስለሚያሳንሰው ማካፈያው ከሚገባው በላይ ይሆናል፤ ውጤቱም በከተማው ላይ ያነሰ ዓምድ ነው። የራሳችንን ደቃቅ ግሪድ ያለው ሞዴል በዚህ ላይ ብናስቀምጥ፣ ሞዴሉ ልቀቱን ያጋነነ ይመስላል፤ ልዩነቱን የፈጠረው ግን በከፊል ያ የሌላ ሞዴል ቅድመ ግምት ነው። በዚህ ልዩነት ተነሥቶ የልቀት መዝገብ (ከየቦታው የሚወጣው ብክለት የሚመዘገብበትን) «አስተካከልኩ» የሚል ሥራ ሳይ የማላምነው ለዚህ ነው።

ከርነሉ መሣሪያው እያንዳንዱን የአየር ንጣፍ ምን ያህል እንደሚያይ የሚነግር የቁጥሮች ዝርዝር ነው። በጠራ ሰማይ ከመሬት አጠገብ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በታች ነው፤ ከፍ ሲል ግን ከ1 ይበልጣል። የሞዴሉን የየንጣፉን ከፊል ዓምድ በከርነሉ አባዝተን ስንደምር፣ የምናገኘው ሳተላይቱ በሞዴሉ ዓለም ውስጥ ቢሆን ሊያየው ይችል የነበረውን ዓምድ ነው፤ የቅድመ ግምቱም ተጽዕኖ ከንጽጽሩ ይወገዳል።

ቀመሩ ቀላል ይምሰል እንጂ ፈተናው ዝርዝሩ ላይ ነው። በፋይሉ ውስጥ ያለው ከርነል የጠቅላላው ዓምድ ስለሆነ፣ ለትሮፖስፌር፣ ማለትም ለታችኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ እንዲሆን በጠቅላላው ማካፈያ አባዝቶ ለትሮፖስፌሩ ማካፈያ ማካፈልና ከትሮፖፖዝ (ከትሮፖስፌሩ የላይኛው ድንበር) በላይ ያለውን ንጣፍ ሁሉ ዜሮ ማድረግ ያስፈልጋል። የቲኤም5 34 ንጣፎች ግፊት የሚሰላው በፋይሉ ከተሰጡት ሁለት ቋሚዎችና ከምድር ገጽ ግፊት ነው። የሁለቱ ሞዴሎች ንጣፍ ስለማይገጥም አንዱን ወደ ሌላው ማምጣት ግድ ነው፤ እኔ የማምነው ከርነሉን ወደ ሞዴሉ ንጣፎች ማምጣትን ነው፤ የጋዙ ብዛት በዚህ መንገድ አይነካምና። ከፊል ዓምዶችን በተራ ኢንተርፖሌሽን (በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ዋጋ በመገመት) የሚያሸጋግር ኮድ ሞለኪውል ከየትም ሊፈጥር ወይም ሊያጠፋ ይችላል። ለመፈተኛ ከርነሉን በሙሉ 1 አድርጉትና አስሉ፤ የሞዴሉ የትሮፖስፌር ዓምድ ሳይለወጥ ካልተመለሰ ስህተቱ በንጣፎቹ ቅደም ተከተል ወይም በግፊቱ ላይ ነው።

ከርነሉን በሞዴሉ ላይ ከማዋል ይልቅ የሳተላይቱን ማካፈያ በሞዴሉ ገጽታ እንደገና ማስላትም ይቻላል። ሁለቱን መንገዶች በወረቀት ላይ ስትሠሩ የሞዴሉና የሳተላይቱ ንጥጥር በሁለቱም አንድ ሆኖ ይገኛል፤ የሚለየው የመቀነሱ ልዩነት ብቻ ነው። ይህን ካየሁ ወዲህ ዋና መለኪያዬ ንጥጥሩ ሆኗል።

የዝምድና መለኪያውን (ሁለቱ ምን ያህል አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ የሚያሳየውን ቁጥር) ብቻ አጉልቶ ማቅረብን ግን እቃወማለሁ። ከተማ የሚበከል፣ ገጠር የሚጠራ መሆኑን ማወቅ ለሞዴል ቀላል ፈተና ስለሆነ፣ ከፍ ያለ ዝምድና ብዙም አያስገርምም። የተበከለውን፣ መካከለኛውንና ንጹሑን ለይቶ አማካይ ልዩነታቸውን ማሳየት የበለጠ ይናገራል።

ከርነሉ ሁሉን እንደማይፈውስ ግን መናገር አለብኝ። የምድር ገጽ ንጣትና የደመና ግፊት ከተሳሳቱ ከርነሉም አብሮ ይሳሳታል። የደመና ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሲሻሻል በተበከሉ ቦታዎች ላይ ዓምዱ ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ረጅም ጊዜ የምታነጻጽሩ ከሆነ በአንድ ስሪት እንደገና የተሠራውን መረጃ ተጠቀሙ። የገጽ ንጣቱን ስህተት እኔ ራሴ እስካሁን አልመዘንኩም፤ ጉዳዩን የምዘለው ስለሚያዳክመኝ እንጂ ስለማያስፈልግ አይደለም።

ቀጥሎ የያዝኩት ትሮፖሚ የሚያየውን ሌላ ጋዝ፣ ፎርማልዴሃይድን ነው። መዋዠቁ ከናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይልቅ እጅግ ስለሚበዛ የአንድ ቀን ካርታው ብዙም አይነበብም፤ ቀናትን ማከማቸት ይጠይቃል። ንጣፎቹ ግን እነዚያው 34ቱ ስለሆኑ፣ የግፊቱን ስሌትና የከርነሉን ማሸጋገሪያ ክፍል ሳልነካው ወስጄዋለሁ።