የጠገራው ጠርዝ

ሜሪላንድ ውስጥ አሮጌ ሳንቲምና ጌጣጌጥ በኦንላይን ጨረታ የሚሸጥ አንድ ትንሽ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ መመዘን፣ ፎቶ ማንሳትና መግለጫ መጻፍ ነው። አንድ ቀን አለቃዬ አምስት ማርትሬዛ ብር (ጠገራ የምንለውን፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን) በጨርቅ ከረጢት ይዞ መጣና "ይሄ ያንተ ነው" አለኝ። ሀበሻ ስለሆንኩ። እውነቱን ለመናገር ጠገራ ብርን የማውቀው በአያቴ ወሬ ነው፤ በእጄ ነክቼው አላውቅም። ግን አላውቅም ማለት ከበደኝ።

መዘንኳቸው። ትክክለኛው 28.07 ግራም ገደማ ነው፤ አምስቱም እዚያው አካባቢ መጡ። ፊታቸውን አነሳሁ፣ ጀርባቸውን አነሳሁ። ንግሥቲቱም ባለሁለት ራሱ ንስርም ቁልጭ ብለው ወጡ። "እ.ኤ.አ. በ1780 የተመታ፣ ከ240 ዓመት በላይ ያስቆጠረ" ብዬ ለጠፍኩት። ሳንቲሙ ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት፤ ማን ይጠይቀኛል?

ጨረታው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ስልክ ተደወለ። ስሜን ስናገር ሰውየው ወዲያው ወደ አማርኛ ዞሩ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው።

"ልጄ፣ 240 ዓመት ያልከው አንተ ነህ?"

"አዎ ጋሼ።"

ሳቁ። "ከ1780 ሌላ የተጻፈበት ጠገራ አይተህ ታውቃለህ?"

አላየሁም። ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። በእኛም አገር በቀይ ባሕር ማዶም ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም ነበርና ቪየና ዓመቱን ሳትቀይር መምታቷን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ ሮም ላይ መታችው፤ እኛን ልትወር ስትሰናዳ መሆኑ ነው። ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም መትተውታል። እነዚህ ፎርጅድ አይባሉም፤ ብራቸው ብር ነው። ግን 240 ዓመት የሚለው የእኔ ፈጠራ ሆነ ማለት ነው።

"እሱስ ይሁን" አሉኝ ጋሼ። "ጠርዙን ለምን አላነሳህም? በተለይ ከራሷ በላይ ያለውን።"

አባታቸው አንጥረኛ ነበሩ። ስንቱን ጠገራ አቅልጠው መስቀልና አምባር እንዳደረጉት ነገሩኝ። ከመቅለጥ የተረፈው ደግሞ አናቱ ላይ ማንጠልጠያ ጆሮ ይበየድለትና የሴቶች አንገት ላይ ይውላል። ኋላ ለሰብሳቢ ሊሸጥ ሲፈለግ ጆሮው ተቆርጦ ቦታው ይሞረዳል፣ ይወለወላል። ከፊት ለፊት ብታየው ምንም የለው።

ስልኩን ዘግቼ አምስቱንም በጠርዛቸው አቆምኳቸውና ማጉያ መነጽር አነሳሁ። የደህናው ጠገራ ጠርዝ ዙሪያውን ወደ ውጭ ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለበት፤ የንግሥቲቱ መፈክር ነው፣ "በፍትሕና በርኅራኄ" እንደማለት። ሦስቱ ላይ ፊደሉ በጥፍር እንኳ ይዳሰሳል። አራተኛው ላይ ልክ ከራሷ በላይ ሲደርስ የጽሑፉ ቁራጭ የለም። ጣቴ ዝም ብሎ ተንሸራተተ። የቦታው ቀለምም ትንሽ ጠቆር ይላል፤ የብየዳው ነው። ጋሼ በፎቶ ብቻ እንዴት ጠረጠሩ? ፊቱ ላይ ዳሩን የሚዞረው ጥርስ መሳይ ቅርጽ እዚያ ጋ ከሌላው ይልቅ ለስልሶ ኖሯል። እኔ ያንን ፎቶ ሦስቴ አይቼዋለሁ።

አምስተኛው ባሰ። ፊደሎቹ የቀለጠ ሻማ መስለዋል፣ በመሐላቸው ደግሞ ፀጉር የምታክል መስመር ዙሪያውን ትሄዳለች። ሁለት ቅርጽ ተገጥሞ ብረት ሲፈስበት መገጣጠሚያው ላይ የሚቀረው ነው። ከደህናዎቹ ጋር አጠጋግቼ ባቆመው ደግሞ ወፈር ይላል። ታዲያ ሚዛኑን እንዴት አለፈ?

አለቃዬ ማታ ውሃ በብርጭቆ አመጣ። ብርጭቆውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ዜሮ አደረገው። ሳንቲሙን በክር አስሮ፣ ታቹን ሳያስነካ ውሃው ውስጥ አንጠለጠለው። ሚዛኑ ላይ የሚመጣው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ነው። ደህናዎቹ 2.75 ግራም አካባቢ አሉ፤ 28ን ለዚያ ስታካፍል ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይወጣል፤ ከ10 ትንሽ ይበልጣል፣ ከመቶ 83 እጁ ብር የሆነ ቅይጥ የሚመጣው እዚያ ነው። አምስተኛው 3.17 አለ። ሲካፈል 9 እንኳ አይሞላም። መዳብ ነክ ነገር ነው፤ ከብር ስለሚቀል ክብደቱን ለማሟላት አወፍረው ሠርተውታል። ውፍረቱን ደግሞ የፊትና የጀርባ ፎቶ አያሳይም።

ጨረታውን አነሳነው። ያመጣው ደንበኛም ራሱ ከሌላ ጨረታ የገዛው ኖሯል፤ ያየው ሁለት ፎቶ ብቻ ነው፣ ፊትና ጀርባ። ለእሱ አዘንኩለት፣ እኔም የለጠፍኩት ያንኑ ነበርና። አሁን ለእያንዳንዱ ሳንቲም ጠርዙን አራት ቦታ አነሳለሁ። አለቃዬ ጊዜ ትፈጃለህ እያለ ያጉረመርማል፣ ግን አልከለከለኝም።

በሳምንቱ ሦስቱን ደህናዎች መልሰን ለጠፍን። አራተኛውን ለብቻው፣ "ጆሮ የነበረው፣ የተሞረደ" ብዬ በግልጽ ጽፌ፣ በግማሽ ዋጋ አወጣሁት። ጋሼ ደወሉ። ስለ ደህናዎቹ የሚጠይቁ መስሎኝ ነበር።

"ያንን የተቆረጠውን ስጠኝ" አሉ።

"ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ እንከኑን ያሳዩኝ?"

"ለልጅ ልጄ ነው። ጆሮውን እመልስለታለሁ።"