ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሃሪሰንበርግ፦ የ2025ቱ የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ምርጫ

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ አገረ ገዥ ሁለት ዘመን በተከታታይ መቀመጥ አይችልም። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አይፈቅድም። አራት ዓመቱን ጨርሶ ወንበሩን ያስረክባል። አገረ ገዥ የነበሩት ግሌን ያንግኪንም በጃንዋሪ 2026 የሚሰናበቱ ነበሩ። የሚተካቸው ሰው የተመረጠው ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ነው።

የሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ዕጩዎች ሴቶች ነበሩ። ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር የቀድሞ የሲአይኤ ባልደረባና የኮንግረስ አባል ነበሩ። ሪፐብሊካኗ ዊንሰም ኧርል-ሲርስ ደግሞ ጃማይካ ተወልደው፣ በማሪን ጦር አገልግለው፣ ያኔ ምክትል አገረ ገዥ ነበሩ። ከሁለቱ ማንኛቸውም ቢያሸንፉ ቨርጂኒያ በታሪኳ የመጀመሪያዋን ሴት አገረ ገዥ ማግኘቷ አይቀርም ነበር።

እኔ የምኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ሜሪላንድ ነው። የእኛ ተራ በ2026 ስለሆነ በዚያ ዓመት ድምፅ አልነበረኝም። ግን ዘመዱም ወዳጁም ቨርጂኒያ ነው። ቴሌቪዥኑ የሚያወራው ስለ ዋሽንግተን ብቻ ሲሆንብኝ፣ ሰዉ ምን እንደሚል በጆሮዬ ልስማ ብዬ ከምርጫው በፊት፣ በኦክቶበር 2025፣ መኪናዬን አስነሣሁ።

አሌክሳንድሪያ አንድ የሐበሻ ካፌ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት የታክሲና የኡበር ሾፌሮች ቡና የሚጠጡበት ቤት ነው። ከአንድ ጋሼ አጠገብ ተቀመጥኩና «ምርጫውን እንዴት አዩት?» አልኳቸው። ሳይመልሱልኝ ተነሥተው ወደ መኪናቸው ሄዱ። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። የመኪና ታክስ ነው። የመኪናዋ ዓይነት፣ የተሠራችበት ዓመት፣ የተገመተላት ዋጋ፣ ከታች ደግሞ የሚከፈለው ሒሳብ ተጽፎበታል። የመክፈያው ቀን ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ነበር። ጋሼ ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ «ተከፍሏል» ብለው በአማርኛ ጽፈውበታል።

«ይኸውልህ ልጄ። ይህችን ለመክፈል ስንት ሌሊት ኤርፖርት ተሰልፌያለሁ መሰለህ። ይህን የሚያነሣልኝን ነው የምመርጠው።»

ቨርጂኒያ መኪናን እንደ ንብረት ቆጥራ በየዓመቱ ትቀርጣለች። ገንዘቡ የሚገባው ለካውንቲው ወይም ለከተማው ነው። ኧርል-ሲርስ ይህን ታክስ አስቀራለሁ ይሉ ነበር። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጂም ጊልሞር በ1997 አገረ ገዥ የሆኑት በዚሁ ቃል ነው። የግዛቱ መንግሥት ከፊሉን መሸፈን ጀመረ፤ ታክሱ ግን ዛሬም አለ። ካውንቲዎቹ ትምህርት ቤትና ፖሊስ የሚያስተዳድሩት በእሱ ጭምር ነው። አስቀራለሁ የሚል ሰው ጉድለቱን በምን እንደሚሞላው ሊነግረን ይገባል። ለጋሼ ይህን ስላቸው «እሱን እነሱ ይጨነቁበት» አሉኝ። እኔን ግን ያስጨንቀኛል። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የእኛም ልጆች አሉ።

ከጎናችን የነበረች ሴት ጨዋታችን ውስጥ ገባች። «ጋሼ፣ እርስዎ ስለ መኪና ያወራሉ። እኛ ቤት እኮ ደመወዝ የለም!» ባሏ በ2025ቱ የፌዴራል ሠራተኞች ቅነሳ ሥራውን አጥቷል። እሷ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ናት። የፌዴራል መንግሥቱ በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ ኦክቶበር 1 ከተዘጋ ወዲህ ያለ ደመወዝ እየሠራች ነበር። ድምፅ መስጠት የተጀመረው ሴፕቴምበር 19 ስለሆነ እሷ ለስፓንበርገር ሰጥታ ጨርሳለች። «ሄጄ ተገላገልኩ» አለችን።

በ2021ዱ የአገረ ገዥ ምርጫ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ካፌዎች ውስጥ ወሬው ሌላ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው። የባይደን አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተቆጣ፣ ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ ሐበሻ ዴሞክራቶችን ለመቅጣት ብሎ ያንግኪንን መረጠ። በይፋ የቀሰቀሱም ነበሩ። ሁሉም አልነበረም፤ በዚያ ጦርነት ጉዳይ ማኅበረሰባችን ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ያንግኪን ዴሞክራቱን ቴሪ መኮሊፍን ያሸነፉት በሁለት ነጥብ ገደማ ብቻ ነው። ቁጣው ይገባኛል። ግን አገረ ገዥ በውጭ ጉዳይ ላይ ምን ሥልጣን አለው? ያኔም ብዬዋለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። የአገረ ገዥ ድምፅ ለአገረ ገዥ ሥራ ቢሰጥ ነው የሚጠቅመን። የዚያች ሴት ነገር ግን አፌን አስያዘኝ። ዋሽንግተን የወሰነው ውሳኔ ቀጥ ብሎ ማድቤቷ ገብቷል። እሷን «የፌዴራሉን ጉዳይ ለብቻው ተይው» ማለት አልቻልኩም።

ወደ ሪችመንድ የሚወስደው 95 መንገድ እንደልማዱ ተጨናንቆ ነበር። ፍሬድሪክስበርግን ሳልቆም አለፍኩ።

ሪችመንድ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ናት። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ባርነትን ይዘው የተገነጠሉት ግዛቶች መናገሻ ነበረች። ቶማስ ጀፈርሰን የነደፉት ካፒቶል፣ የግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ፣ ዛሬም ኮረብታው ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። እዚያ ግቢ አንድ አረጋዊ ጥቁር አሜሪካዊ አገኘሁ። በ1989 ዳግላስ ዋይልደርን መርጠዋል። ዋይልደር የባሪያዎች የልጅ ልጅ ናቸው፤ በመላው አሜሪካ በሕዝብ ተመርጦ አገረ ገዥ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ሰውም እሳቸው ናቸው። ያሸነፉት ከ7 ሺህ ባነሰ ድምፅ ነው። «ያኔ ጎረቤቴን ከአልጋ አስነሥቼ ነው የወሰድኩት» አሉኝ ሽማግሌው።

ኧርል-ሲርስ ቢያሸንፉ በሕዝብ ተመርጣ አገረ ገዥ የሆነች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ይሆኑ ነበር። ይህ ለእርስዎ ምንድነው አልኳቸው። «ታሪኩ ደስ ይለኛል። የመብራት ሒሳቤ ግን ደስ አይለኝም» አሉ። ሎውደን ካውንቲ የተደረደሩት የዳታ ማዕከሎች የሚበሉት ኤሌክትሪክ ሒሳቡን ያንርብኛል ብለው ነው የሚያምኑት። «ለእነዚያ ኮምፒውተሮች እኔ ለምን እከፍላለሁ?» ለማን እንደሚሰጡ አልነገሩኝም፤ እኔም አልገፋሁም።

አንድ ነገር ግን አወራን። የመብራቱን ዋጋ የሚያጸድቀው አገረ ገዥው ሳይሆን አንድ የግዛት ኮሚሽን ነው። የኮሚሽኑን አባላት የሚመርጡት ደግሞ የግዛቱ ሕግ አውጪዎች ናቸው። በ2025 የታችኛው ምክር ቤት 100 መቀመጫዎች በሙሉ ለውድድር ቀርበው ነበር። በመንገዴ ሁሉ ስለ ምክር ቤቱ ያነሣልኝ ሰው አልነበረም። ይህ ያሳዝነኛል።

ከሪችመንድ በ64 መንገድ ወደ ምዕራብ ተጓዝኩ። በኦክቶበር ብሉ ሪጅን ማቋረጥ ዓይን ያጠግባል። ዛፉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ነው። ከተራራው ማዶ የሼናንዶዋ ሸለቆ አለ፤ አገሩም ሪፐብሊካን ነው። ሮኪንግሃም ካውንቲ የተርኪ ዶሮ አገር ስለሆነች ድንበሯ ላይ የተርኪ ሐውልት አቁማለች።

አንድ ገበሬ ነዳጅ ሲቀዱ አገኘኋቸው። ለኧርል-ሲርስ ነው የሚሰጡት። «የኛን ጉዳይ የሚወስኑት ዋሽንግተን ጥግ ያሉት ሰዎች ናቸው» አሉ። ከዚያ ወደ ጄይ ጆንስ ገቡ። ጆንስ የዴሞክራቶች የጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ዕጩ ነበሩ። በ2022 የወቅቱን የግዛቱን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ቶድ ጊልበርትን በጥይት ስለመምታት የጻፏቸው የስልክ መልእክቶች በዚያው ወር ወጥተው ነበር። ይቅርታ ጠይቀዋል። ጊልበርት ግን የዚሁ ሸለቆ ሰው ናቸውና እዚህ ነገሩ እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ነው የተያዘው። ሰውየው ሲናገሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በፖለቲካ ባንስማማም በዚህ አልተከራከርኳቸውም። እንዲህ ያለ ንግግር ወዴት እንደሚወስድ እኛ ሐበሾች እናውቀዋለን።

ሃሪሰንበርግ ከተማ ውስጥ ደግሞ አንዲት እናት አገኘሁ። ዶሮ ማቀነባበሪያ ሠርታ አሁን ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች። ዜግነቷን በቅርቡ ነው ያገኘችው፤ ይህ የመጀመሪያ ምርጫዋ ነበር። የድምፅ መስጫውን ናሙና እንጀራው አጠገብ ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። አገረ ገዥ፣ ምክትል፣ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ። አራተኛው ላይ ቆመች።

«ወንድሜ፣ እነዚህኞቹ ደግሞ ምን ይሠራሉ?»

የምክር ቤት ዕጩዎቹ ናቸው። በ2025 በግዛቱ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነበር። ምክር ቤቱ ወደ 15 ዶላር ለማሳደግ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ያንግኪን በ2024ም በ2025ም በቪቶ ጣሉት። ሕጉን የሚያወጡት እነዚህ፣ የሚፈርመው ወይም የሚጥለው አገረ ገዥው ነው አልኳት።

«ታዲያ ይህን የነገረኝ ሰው የለም እኮ!» አለች። ቆጣ ብላለች። ቀድሞ ድምፅ መስጠት የሚቻለው እስከ ቅዳሜ ኖቬምበር 1 ስለነበረ ጊዜ ነበራት። የሁለቱንም የምክር ቤት ዕጩዎች የቢሮ ስልክ ፈልጌ ከወረቀቱ ጀርባ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። «ለሁለቱም ደውዬ ስለ 15ቱ ዶላር እጠይቃቸዋለሁ» አለች። ስልኩን አንሥታ የመጀመሪያውን ቁጥር መታች።