ግንዱን ማን ያውርደው?

የመጀመሪያውን ቼይንሶው፣ በቤንዚን የሚሠራውን የዛፍ መጋዝ፣ ከአዲስ አበባ መርካቶ ገዝቼ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አቅፌው ነው ጅማ የገባሁት። ረዳቱ ከላይ እንጫነው ቢለኝ እምቢ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መንገዱን ሙሉ "ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ" እያሉ ሲያማርሩ መጡ። ዕቃው አዲስ ነው፣ ጠብታ ቤንዚን አልነካውም። ግን ማን ይሰማኛል?

ሞተሩ 58 ሲሲ ነው። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ግማሽ ሜትር ይሆናል። ሻጩ "ይሄ ዝሆን ነው ወንድሜ" አለኝ። እኔም የፈለግኩት ዝሆን ነበር። ከነበረኝ ገንዘብ ከአሥር ብር ዘጠኙ እሱ ላይ ሄደ። በቀረችው ምን ገዛሁ? ገመድ። እዚሁ ጅማ ሂርማታ መርካቶ ገብቼ የጭነት መኪና ሸራ የሚታሰርበትን ሰማያዊ የላስቲክ ገመድ 30 ሜትር አስቆርጬ ወጣሁ። ሄልሜት የተዋስኩት ከግንበኛ ጓደኛዬ ነው።

በየግቢው ዛፍ የመቁረጥ ሥራው እንደሚያዋጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ጅማ ውስጥ ዛፍ የሌለው ግቢ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ግራቪሊያው፣ ባሕር ዛፉ፣ ሁሉም ከጣሪያ በላይ ነው። ሰው ግን ቀና ብሎ ዛፉን የሚያየው የዓመቱ የመጀመሪያ ኃይለኛ ንፋስ በገባ ማታ ነው። በማግስቱ ስልኬ ይጮሃል። ያን ጊዜ ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው። እኔ፣ ዛፍ ላይ የሚወጣው ታናሽ ወንድሜ፣ እና ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት። ጋሼ ወጣትነታቸውን የጨረሱት ሁለት ሰው በሚስበው ትልቅ መጋዝ ጣውላ ሲሰነጥቁ ነው። ዝሆኑን ሳሳያቸው ዞር ዞር ብለው አዩትና "ድምፁ ጥሩ ነው" ብቻ አሉ። እንደ ምስጋና ነው የወሰድኩት።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ሐጂ ጠሩን። ግቢያቸው ጥግ ላይ 20 ሜትር ገደማ የሚሆን ባሕር ዛፍ ቆሟል። ወደ ማድ ቤቱ ዘሟል። ሥሩ አጠገብ ያለው ቀይ አፈር ዝናብ ጠጥቶ ተሰነጣጥቋል። ካዘመመበት በተቃራኒ የመብራት መስመር ያልፋል። እሱን ሐጂ ራሳቸው አመልክተው ለዕለቱ አስጠፍተውታል። ከሥር ቆርጦ መጣል አይታሰብም። ከላይ እየቆራረጡ ማውረድ ነው ያለው።

ቅርንጫፎቹን ስናወርድ ሰርግ ነበር የሚመስለው። ወንድሜ ይቆርጣል፣ ቅርንጫፉ ይወድቃል፣ የሰፈር ልጆች ያጨበጭባሉ። እናቶች ቅጠሉን ለእንጀራ መጋገሪያ እያሰሩ ይወስዳሉ። ሐጂ በረንዳ ላይ ተቀምጠው "ማሻአላህ" ይላሉ። ከዚያ ግንዱ ላይ ደረስን።

አናቱ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቁራጭ ነው። ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ወንድሜ ሰማያዊውን ገመድ ቁራጩ ላይ አሰረው። ከሥሩ በቀረ የቅርንጫፍ ጉጥ ላይ አሳልፎ ጫፉን ወደ እኔ ጣለው። እኔ ደግሞ በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ያዝኩ።

ጋሼ ቀስ ብለው መጡ።

"ገመዱን ግንዱ ሥር ጠምጥመው።"

"ጋሼ፣ እኔ ይዤዋለሁ።"

"አንተ ስንት ኪሎ ነህ?"

"62።"

"እሱስ?" አሉኝ ወደ ላይ እየጠቆሙ።

ሳቅኩ። መልሱን የማላውቅ ሰው ሳቅ ነው። ዛሬ በቃሌ አስልቼ እነግርሃለሁ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ኪዩቢክ ሜትሩ ወደ 1,000 ኪሎ ይጠጋል። 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ካልን ከኩንታል ትንሽ አለፍ ይላል። ያውም ቆሞ ሳለ ነው። ሜትር ተኩል ወርዶ ገመዱን በድንገት ሲወጥረው፣ ገመዱ ላይ የሚደርሰው ጉልበት የክብደቱን ብዙ እጥፍ ነው። እኔ 62 ኪሎዬን ይዤ በጫማ ጫፍ ቆሜያለሁ።

ዝሆኑ ጮኸ። በአሥር ሰከንድ ጨረሰው። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ቁርጥ ነበር።

ከዚያ እግሬ መሬት ለቀቀ። ገመዱ ወደ ላይ ጎትቶ አንጠለጠለኝ። ወዲያው መዳፌ ውስጥ እሳት ገባና ለቀቅኩት። ቁራጩ የማድ ቤቱን ቆርቆሮ በስቶ፣ ማገሩን ሰብሮ፣ ምድጃው አጠገብ ጧ ብሎ ተቀመጠ። ከአንድ ሩብ ሰዓት በፊት እዚያ ቤት ቡና እየተቆላ ነበር። ላይ ያለው ወንድሜ ዛፉ ወዲያ ወዲህ ሲያወዛውዘው ግንዱን አቅፎ ዓይኑን ጨፍኗል።

ልጆቹ ማጨብጨብ አቆሙ።

ሐጂ ተነሥተው መጡ። በቀዳዳው ወደ ውስጥ አዩ።

"ሰው አለ?"

"የለም ሐጂ።"

"አልሐምዱሊላህ።" ትንሽ ዝም አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ እኔ የጠራሁህ ዛፉ ቤቴ ላይ እንዳይወድቅ አልነበረም እንዴ?"

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩም። የተስማማነው ክፍያ በሙሉ ወደ ቆርቆሮ፣ ወደ ሞራሌ እንጨትና ወደ አናጢ ተቀየረ። አልበቃም፣ ከኪሴ ጨመርኩ። መዳፌ እስኪሽር መጋዝ አልያዝኩም።

ማታ ገመዱን አየሁት። በጉጡ ላይ ያለፈበት ቦታ ቀልጦ፣ እንደ ጠርሙስ ደርቆ ያብረቀርቃል። ያ ዓይነት ገመድ ከፖሊፕሮፒሊን ነው የሚሠራው። 165 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ኩንታል ግንድ እየጎተተው እንጨት ላይ ሲንሸራተት ሰበቃው እንዲህ ያደርገዋል። ፖሊስተር እስከ 250 አካባቢ ይታገሣል። ልዩነቱን ያኔ አላውቅም። ለእኔ ገመድ ገመድ ነበር፣ ምርጫው በቀለም ነው።

ዝሆኑን ሸጥኩት። የገዛኝ ማገዶ ነጋዴ ነው። መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ ለመቆራረጥ ጥሩ ዕቃ መሆኑን እኔም አልክድም። ዛፍ ላይ ግን ከነቤንዚኑ ሰባት ኪሎ የሚመዝን ነገር በተዘረጋ ክንድ መያዝ ሰው መቅጣት ነው። በገንዘቡ ምን ልግዛ ብዬ ስቀመጥ፣ አንድ ነገር ገባኝ። ያን ቀን መቁረጡ የወሰደው አሥር ሰከንድ ነው። የቀረው ቀን በሙሉ ማውረድ ነበር። እኔ ደግሞ ካፒታሌን ያዋልኩት ለአሥሯ ሰከንድ ነው።

ስለዚህ ከታች ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁለት ገመድ። አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለእንጨት። ቀለማቸው የተለያየ ነው፣ አይቀላቀሉም። ሰው የሚወጣበት ገመድ ግንድ አስሮ አያውቅም። ገመዱ ላይ የተጻፈው መጠን የሚበጠስበት ነው እንጂ የሚሠራበት አይደለም። እኛ ከእሱ አንድ አሥረኛውን ብቻ ነው የምንቆጥረው፣ ምክንያቱም ቋጠሮም ዝናብም ዕድሜም ያደክመዋል። ቀጥሎ ፑሌጃ። ገመዱ በጉጥ ላይ ሳይሆን በሚዞር ነገር ላይ ይሂድ። ታች ደግሞ ጋሼ እንዳሉት ግንዱ ሥር ሦስት ዙር ጥምጥም። ኩንታሉን የሚይዘው ሰበቃው ነው፣ እኔ ጫፏን ይዤ ቀስ እያልኩ እለቃለሁ። ነፃ ነው ይሄ። ብር አይፈልግም። ሽማግሌ መስማት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቀበቶ ላይ ሌላ ስህተት ልሠራ ነበር። የግንባታ ሠራተኞች የሚለብሱትን አየሁና ርካሽ መሰለኝ። ያ ቀበቶ ግን የወደቀን ሰው ከጀርባው ይዞ እንዲያስቀር የተሠራ ነው። ዛፍ ላይ ሰው ተንጠልጥሎ አይደለም የሚሠራው፣ ተቀምጦ ነው። ወገብና ጭን ላይ የሚያርፍ፣ ከፊት የሚታሰር ያስፈልጋል። እሱን ውጭ አገር ያለ ዘመድ እስኪልክልኝ ወራት ጠበቅኩ። ከሱ ጋር ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው አጭር ማሰሪያ መጣ። ወንድሜ መጋዝ ከማስነሳቱ በፊት በሁለት ነገር ይታሰራል፣ በገመዱም በዚህም። ሰንሰለት የተወጠረ ገመድ ከነካ ጊዜ አይሰጥም።

መጋዙ መጨረሻ ላይ መጣ። ትንሽ ነው፣ 35 ሳንቲ ሜትር ብረት ያለው። የሰንሰለቱ ፍሬን ሲነኩት ቀጥ የሚል፣ መለዋወጫው የሚገኝ። ስለ ማርካ አልከራከርም። ስቲልም አለ፣ ሁስኳቫርናም አለ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1689 ስዊድን ውስጥ ጠመንጃ ሲሠራ የተጀመረ ፋብሪካ ነው አሉ ብዬ ለጋሼ ብነግራቸው፣ "ታዲያ ጠመንጃው ከእጁ ላይ መች ወረደ?" አሉኝ። የእኔ መለኪያ ሌላ ነው። ስፕሪንጉ ቢበጠስ ጅማ ውስጥ አገኘዋለሁ ወይስ አላገኘውም? ካላገኘሁት ሥራው አንድ ሳምንት ቆሟል ማለት ነው።

ዘይቱን አትሰስት። የእኛ መጋዝ መመሪያ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ለሁለት ምት ሞተር የተሠራ ዘይት ይላል። በዓይን ግምት አይቀላቀልም፣ የመርፌ ስሪንጅ ገዝተናል። ሰንሰለቱን ለማለስለስ ደግሞ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት የሚያደርጉ አሉ። እኔም አድርጌ አውቃለሁ። ዘይቱ የሚይዘው የብረት ብናኝ ሰንሰለቱን የሚቀባውን ፓምፕ በላው።

ከሁሉ የረከሰው ዕቃዬ ክብ ሞረድ ነው። ከሁሉ ብዙ የሚሠራውም እሱ ነው። መጋዙ ቅንጥብጣቢ ሲተፋ ስለት አለው። ዱቄት መትፋት ከጀመረ ደንዟል። የደነዘ መጋዝ የያዘ ሰው ይጫናል። ሲጫን ደግሞ የብረቱ ጫፍ አንድ ነገር ነካ ያደርግና መጋዙ ወደ ፊቱ ይመለስበታል። ቤንዚን በሞላን ቁጥር እንሞርዳለን። ወንድሜ ሲያማርር ጋሼ ሞረዱን ተቀብለው ራሳቸው ይቀመጣሉ። እንደሳቸው እኩል አድርጎ የሚሞርድ አላየሁም።

ውጭ አገር ያለው ዘመዴ ቅርንጫፍ የሚፈጭ ማሽን ሳትገዛ ምን ዓይነት ድርጅት ነው ይለኛል። እሱ አገር ቅርንጫፍ ቆሻሻ ነው፣ ለማስወገድ ይከፈላል። እዚህ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ግቢው ተጠርጎ ነው የምናገኘው። ግንዱ ለፍልጥ፣ ቀጭኑ ለአጥር፣ ቅጠሉ ለምጣድ። ያን ገንዘብ መጋዝ የሚከላከል ሱሪ ላይ አዋልኩት። ሰንሰለት ሲነካው በውስጡ ያሉት ረጃጅም ክሮች ተመዘው ወጥተው ጥርሱ ላይ ይጠመጠሙና መጋዙን ያቆሙታል። የጅማ ፀሐይ ላይ ይሞቃል። ወንድሜ ይሳደባል። ግን ይለብሳል።

ባለፈው ሚያዝያ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው። ቁጥራቸውን አልሰረዝኩትም፣ እሳቸውም የእኔን አልሰረዙም ማለት ነው።

"ያ ግራቪሊያ አስፈራኝ" አሉ። "ያንን መጋዝህን ይዘህ ና።"

"መጋዙን ሸጥኩት ሐጂ።"

"ታዲያ በምን ልትቆርጥ?"

"ገመድ ይዤ እመጣለሁ።"

ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ።

ቅዳሜ ሄድን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስን። ድሮ ቢሆን በግማሽ ቀን ይዤው ወድቄ ነበር። እያንዳንዷ ቁራጭ በፑሌጃው ላይ እየተወዛወዘች፣ በማድ ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ አጠገብ አልፋ፣ ጋሼ በእግራቸው ያመለከቱት ቦታ ላይ አረፈች። ሣሩ ላይ እንኳ ጉድጓድ አልተውንም። የቤቱ እማማ ቡና አፈሉ። በረንዳ ላይ ነው ግን ያፈሉት፣ ከማድ ቤቱ ምድጃውን አስወጥተው። ሐጂም መኪናቸውን ከንጋቱ ጀምሮ ጎረቤት ግቢ አቁመውት ነበር።