ጓሳ ላይ ሁለት ሌሊት

ታኅሣሥ 2012 ላይ ነው። ከወንድሜና ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ድንኳን ተሸክመን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወዳለው መንዝ ጓሳ ወጣን፤ ሁለት ሌሊት አደርን። ከዚያ ወዲህ «እንዴት ነው የሚኬደው? ምን ይያዛል? ብርዱስ?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ለሁሉም በስልክ ከማወራ አንዴ ልጻፈው። ሰሜን ሸዋ ከዚያ በኋላ ብዙ መከራ አይታለችና ዛሬ መሄድ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት እዚያው ያለ ሰው ደውሎ ስለ ሰላሙና ስለ መንገዱ ይጠይቅ። ይህን ሳልል መጀመር አልፈለግሁም።

ጓሳ ደሴት ነው። ውኃ የከበበው አይደለም፤ ባሕሩ እርሻ ነው። ከጣርማበር ታጥፋችሁ ወደ መሐል ሜዳ ስትጓዙ ግራና ቀኙ የታረሰ መሬት ነው። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ የበግ መንጋ፣ በድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ እንደገና የገብስ ማሳ። ዳገቱ ላይ ሳይቀር ታርሷል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ እርሻው ቀጥ ይልና ሣሩ ይጀምራል። ጓሳ የሚባለው ሣር፣ ጠንካራ፣ በየችምችሙ የቆመ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቅ የሚመስል። ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ነው፤ ከፍታው ከ3200 ሜትር ተነሥቶ እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል። ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ጅብራ የሚባለው ተክል ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ሁሉም እንዲህ ባሉ በእርሻ በተከበቡ ከፍታዎች ላይ። ከዚህ ወርዶ ሌላ ቦታ ልኑር ቢል የሚሄድበት የለውም።

አመጣጣችንን ባጭሩ ልናገር። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ አንድ ሌሊት አደርን፤ ይህን ለሁሉም ሰው እመክራለሁ። ደብረ ብርሃን ራሷ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሰውነት ቀስ ብሎ ይለምዳል። ጓደኛዬ ይህን አላመነችም ነበር፤ በማግሥቱ ጓሳ ላይ ትንሽ ራሷን ሲያማት ግን «ካዲስ አበባ በቀጥታ ብንመጣ ኖሮስ?» አለች። ከገበያ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ሎሚና ስኳር ገዛን። በማግሥቱ በጠዋት አውቶቡስ ጣርማበርን አልፈን ከቀትር በፊት ጓሳ ወረድን። ተመዘገብን፣ ክፍያችንን ከፈልን፣ አንድ ጥበቃ አብሮን እንዲሄድ ተሰጠን።

ጥበቃው ዕድሜያቸው ስልሳ የሚጠጋ፣ ጋቢያቸውን ከላይ እስከ ታች የተከናነቡ፣ ዱላና ጠመንጃ የያዙ ሰው ናቸው። ጋሼ እያልናቸው ቆየን። ቦርሳዎቻችንን አንድ በአንድ አንሥተው መዘኑና «ልጆቼ፣ በቅሎ ላስመጣላችሁ?» አሉ። የያዝነው ሁሉ የራሳችን ነው፣ እንሸከማለን አልን። የኔ ቦርሳ 16 ኪሎ ነበር። በቅሎ ማስጫን ምንም ነውር የለውም፤ የአካባቢው ሰው ገቢ ነው፣ እናንተ ብትችሉ አስጭኑ። እኛ ግን በጀርባችን ተሸክመን መድረስ ፈልገን ነበር የመጣነው።

ሦስት ሰዓት ያህል ሄድን። ጓሳ ላይ መራመድ እንደ ተራ ሜዳ አይደለም። ሣሩ በየጉቶው ቆሞ ከመካከሉ ጉድጓድ አለው፤ ጉድጓዱን ደግሞ ሣሩ ይሸፍነዋል። ከባድ ቦርሳ ይዞ ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው እዚያ ነው። ጋሼ «የኔን እግር እዩ» ብለው ከፊት መሩን፤ እኛም ዓይናችንን ከጫማቸው ሳንነቅል ተከተልን። የሩጫ ጫማ አድርጎ የመጣው ወንድሜ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ደግነቱ ምንም አልሆነም፤ ግን ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ከድንኳን በላይ አስፈላጊ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ትንፋሽም ያጥራል። በዚህ ከፍታ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነውና መቸኮል አይቻልም፤ ቆም፣ ጎንበስ፣ እንደገና ሂድ።

በመንገድ ላይ ጋሼ የየእጽዋቱን ስም ይነግሩናል። ጨረንፌ ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ነጭሎ ቅጠሉ ብርማ ነገር ነው። ጅብራው ደግሞ ለብቻው እንደ ቆመ ሰው ከሩቅ ይታያል። ስንት ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ኖሮ አንዴ ያብባል፣ ሰው የሚበልጥ ግንድ ያወጣል፣ ከዚያ ይሞታል። አንድ ያበበ አገኘንና ሥሩ ቁጭ ብለን ቆሎ ቆረጠምን።

የምናድርበት ሜዳ ገደሉ አጠገብ ነው። ገደል ስል እውነተኛ ገደል ማለቴ ነው፤ ደጋው እዚያ ላይ ተቆርጦ ያበቃል። ከታች የይፋት ቆላ፣ ከዚያ ባሻገር ጭጋግ የሸፈነው የአፋር አቅጣጫ ይታያል። ከኋላችን ያለው ውኃ ወደ አባይ ይሄዳል፣ ከፊታችን የሚወርደው ወደ አዋሽ። ሜዳው ላይ የተሠራ ነገር የለም። ውኃ ከትንሽ ምንጭ ነው፤ ቀድተን አፈላን። ውኃ እዚያ ከፍታ ላይ ወደ 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ሽሮው ሲንተከተክ አይታችሁ በሰለ እንዳትሉ። ከተማ ከሚወስደው ጊዜ በጣም ቆየብን። ጋዝ ስትቆጥቡ ይህን አስቡት። እኛ አላሰብነውም።

አመሻሽ ላይ ጭላዳዎቹ መጡ። መቶም ሁለት መቶም ይሆናሉ፤ ቁጥራቸውን ለመያዝ ሞክረን ተውነው። ቁጭ ብለው ሣር እየነጩ፣ እየተንፏቀቁ፣ እርስ በርስ የሚያወሩ በሚመስል ድምፅ ወደ ገደሉ አፋፍ ተጠጉ። ምግባቸው ሣር ነው፤ ሌሎቹ ዝንጀሮዎች ፍሬ ሲፈልጉ ይውላሉ፣ ጭላዳ እንደ በግ ሜዳ ላይ ይግጣል። ወንዶቹ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ፤ ጎፈራቸውን ነፋሱ ሲበትነው እንዴት እንደሚያምሩ! ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ በአንድ ገደሉን ይዘው ወረዱ። እኛ ለማየት እንኳ የፈራነው ቋጥኝ ላይ ግልገላቸውን በጀርባቸው አዝለው ነው የሚተኙት። ጅብም ነብርም እንዳይደርስባቸው ነው።

ከዚያ ብርዱ መጣ። የመኝታ ከረጢቴ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አምኜ ነበር። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ ተንቀጠቀጥሁ። ጋሼ ድንኳኑ ውስጥ የምንገላበጠውን ሰምተው ኖሮ «አንቺ ልጅ፣ በርዶሻል እንዴ?» አሉ። ዋሸሁ፤ «ደህና ነኝ ጋሼ» አልሁ። ዝም ብለው የድንኳኑን ዚፕ ከፍተው ባና ወረወሩልኝ። ባና ማለት ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራው ብርድ ልብስ ነው። ከባድ ነው፣ ይኮሰኩሳል፣ የበግና የጭስ ሽታ አለው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰደኝ። እሳቸው ትርፍ ባና ይዘው የመጡት የከተማ ልጆች ሁልጊዜ እንደሚበርዳቸው ስለሚያውቁ ነው፤ ይህን ጠዋት ነገሩኝ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስወጣ ጓሳው በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ውርጭ ነው። የውኃ ጠርሙሳችን አፉ ላይ በረዶ ሠርቷል። ሻይ ልናፈላ ጋዙን ስንለኩስ እምቢ አለ። ያመጣነው ቡታን የሚባለው ጋዝ ነበር፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቆርቆሮው ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል፣ አይወጣም። ይህን ያወቅሁት አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ጋዙ ያለቀ መስሎን ደነገጥን። ጣታችን አይታጠፍም። ወንድሜ ከድንኳኑ ጀርባ የደረቀ ጨረንፌ አየና «ጋሼ፣ ይችን ታህል ብቻ እንስበር? አንድ ሻይ ብቻ» አለ።

«አይሆንም» አሉ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸውም ከፍ አላለም። «ደረቅ እኮ ነው ጋሼ» ሲል፣ «ደረቅም ቢሆን። እኔ እዚህ ተወልጄ እስካሁን ዝም ብዬ ሰብሬ አላውቅም» አሉት። የጋዙን ቆርቆሮ ተቀበሉን፣ ብብታቸው ሥር ከጋቢያቸው ውስጥ ከተቱትና ተቀመጡ። እሱ እስኪሞቅ ድረስ ያወሩልን ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ።

ጓሳ የከለሉት መንዜዎች ራሳቸው ናቸው። ነገሩ የተጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይባላል፤ አስቦና ገራ የሚባሉ ሁለት አባቶች መሬቱን ተካፍለው ልጆቻቸው በጋራ እንዲጠብቁት ሥርዓት አቆሙ። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል፤ የሚመራው ሰው ደግሞ አባ ቄራ። ጓሳው ይዘጋል። ለአንድ ክረምት ወይም ለአንድ ዓመት አይደለም፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት። በዚያ ጊዜ ሣር የሚያጭድ፣ ከብት የሚያስገባ፣ እንጨት የሚለቅም የለም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ወጥቶ ያጭዳል። ያ ሣር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ መጥረጊያ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ የሚለበስ ገሳ ነው። ጋሼ ልጅ ሆነው የቤታቸው ክዳን ያረጀው ጓሳው በተዘጋ ጊዜ ነበር። ሁለት ክረምት ውኃ ያፈስስባቸው ነበር። እናታቸው ማሰሮ እየደረደሩ ያሳልፉ ነበር። ሣሩ ደግሞ ከቤታቸው ደጃፍ ይታያል!

«ማታ ማታ ሄዶ ማጨድ አልነበረም?» አለች ጓደኛዬ።

«ማን ያያል ብለሽ ነው? ክዳኑ አዲስ ሲሆን አገር ያየዋል» አሉ።

የካቲት 1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ቄሮ ፈረሰ። መሬቱ የሁሉም ሆነ፣ የጠባቂነቱ ሥልጣን ግን ባለቤት አጣ። ያን ጊዜ ብዙ እንደተጎዳ ጋሼ ያስታውሳሉ። እንደገና የተነሣው የአካባቢው ገበሬዎች በኮሚቴ ተሰብስበው አዲስ መተዳደሪያ ሲያወጡ ነው፤ እሳቸውን የመሳሰሉ ጥበቃዎችም ከዚያው ከኅብረተሰቡ የወጡ ናቸው። ባሕሩ እስከ አፋፉ ደርሶ እየመታ ደሴቱ ያልሰጠመው ለዚህ ነው። እኔ እስከዚያ ጠዋት ድረስ ጓሳን ሰው ያልነካው ቦታ ነበር የምለው። ስህተት ነው። በሰው እጅ የተያዘ ቦታ ነው፤ ክዳኑ እያፈሰሰበት እጁን የሰበሰበ ሰው አለ።

ጋዙ ሞቆ ነደደ። ሻዩን ጠጣን።

ሁለተኛው ቀን ላይ ቀይ ቀበሮውን አየነው። ጭላዳዎቹ ሜዳው ላይ ተበትነው ሲግጡ ከመካከላቸው አንድ ቀጭን ቀይ ነገር ቀስ ብሎ ይራመዳል። ውሻ መሰለኝ። ጋሼ ክንዴን ያዝ አድርገው «ዝም» አሉ። ጭላዳዎቹ አልሸሹም፣ እሱም ግልገል አልነካም። የሚፈልገው አይጥ ነው። ተመራማሪዎች እዚሁ ጓሳ ላይ ይህን ተከታትለው በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አሳትመዋል፦ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ብቻ። እኛ ያየነው አንዴ ዘለለ፣ አፍንጫውን ሣሩ ውስጥ ቀበረ፣ የሆነ ነገር ይዞ ቀና አለ። ጓደኛዬ አለቀሰች። ፎቶ ማንሳት ትዝ ያለን እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

እንግዲህ ለምትሄዱት፦ የሚያድረው ብርድ ከዜሮ በታች እንደሚወርድ ቁጠሩ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ቢከብድም ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም ባና ተከራዩ። ጋዙን ማታ ከናንተ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ አሳድሩት። እሳት አታንድዱ፣ ጥበቃው ቢፈቅድላችሁ እንኳ። ቆሻሻችሁን እስከ ሻይ ቅጠሉ ከረጢት ድረስ መልሳችሁ ተሸከሙ፤ እኛ ስንመለስ የኔ ቦርሳ ውስጥ የሦስታችንም ቆሻሻ በፌስታል ታስሮ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ መንገዱ ወጣን። ባናውን አጥፌ ለጋሼ መለስሁ። ልሸጥልሽ አላሉኝም፣ እኔም ለመጠየቅ አፈርሁ። መኪና እስኪመጣ አብረውን ቆሙ። የቆምነው ገብሱ የታጨደበት ማሳና ጓሳው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነበር፤ አጥር የለውም፣ ሽቦ የለውም፣ አንድ ገበሬ ከወዲያ በኩል በሬዎቹን ይዞ እየመጣ ነበር። ድንበሩ ጋ ሲደርስ በሬዎቹን መለሳቸው።