ሜዳ ላይ የምታስቸግር፣ ዳገት የማይከብዳት ቮልስ

ቮልሴ የ1972 ሞዴል 1300 ናት። ባለፈው በጋ አንድ አመል አወጣች። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያጓራች ትወጣዋለች። ቀለበት መንገድ ላይ ጋዙን ለስለስ አድርጌ በ60 ስነዳት ግን በድንገት ትቆራረጣለች። ሞተሩ ለቅጽበት ጥርቅም ይላል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ጋራዥ ስትገባ ደግሞ ሙሉ ጤነኛ ናት።

ያየኋቸው መካኒኮች በሙሉ ቤንዚንና አየር የሚደባልቀውን ካርቦራተር ጠረጠሩ። ምክንያት አላቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቦራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካርቦራተሩ ታጠበ፤ ለውጥ የለም። አንድ ጋራዥ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚረጨውን ካንዴላም፣ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ቦቢናም ቀየረ። ለጥቂት ቀን ደህና ሆነችና ተመለሰባት።

ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። በሚመጣና በሚሄድ ብልሽት ላይ በግምት ዕቃ መቀየር ገንዘብ ከማባከንም የከፋ ጉዳት አለው። ቦቢና ሲቀየር ዙሪያው ያሉት ሽቦዎች ይነካካሉ፣ ይነቃነቃሉ። ሊበጠስ ጥቂት የቀረው ሽቦ ለጊዜው ይገጥምና መኪናዋ ዳነች ይባላል። ፍንጩም አብሮ ይጠፋል። ብልሽቱ ሲመለስ ከዜሮ ትጀምራለህ።

ስለዚህ ቁልፉን አስቀምጬ ማስታወሻ ደብተር ያዝኩ። በተቆራረጠች ቁጥር ቆም አድርጌ እጽፋለሁ። ሞተሩ ሞቋል ወይስ ገና ነው? መንገዱ አስፋልት ነው ኮብልስቶን? ፔዳሉ ምን ያህል ተረግጧል? መብራት በርቷል? ዝናብ አለ? የኤሌክትሪክ ብልሽት ያለ ምክንያት አይመጣም። ሙቀት፣ ንዝረት፣ እርጥበት ወይም ጭነት ይጠራዋል። ደብተሩ ላይ ሙቀትም ኮብልስቶንም ቦታ አልነበራቸውም። ደጋግሞ የታየው የፔዳሉ ነገር ነው። ሙሉ ስረግጥ የለም፤ ስለቅም የለም። በመሃል፣ በለስላሳ ጋዝ ብቻ።

ደብተሩን ይዤ ሰፈራችን ወዳሉ አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ልጄ፣ ይሄ ከመቀየር በፊት መከፈል አለበት» አሉኝ። መክፈል ያሉት ችግሩን ለሁለት መክፈል ነው። ኮረንቲው ወደ ቦቢናው እየደረሰ ነው ወይስ አይደለም?

ቮልስ ላይ ይሄ ጥያቄ ትልቅ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ነው፤ የሞተር ቁልፉ ከፊት፣ ሞተሩ ደግሞ ከኋላ። ለቦቢናው የሚሆነው ኮረንቲ ከኋላ ወደ ፊት ሄዶ፣ በቁልፉ አልፎ፣ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ማያያዣዎች አሉ። አንዱ ከላላ ሞተሩ ይቆራረጣል።

ጋሼ ያደረጉት እንዲህ ነው። 15 የሚል ቁጥር ካለበት የቦቢና ጫፍ ላይ ረጅም ሽቦ አሰሩ። እሱን ሾፌሩ ፊት ካስቀመጧት ትንሽ አምፖል ጋር አገናኙ፤ ሌላኛውን የአምፖሏን እግር ከማሳ ጋር፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ከተያያዘው የመኪናው ብረት ጋር። ሽቦው ከቦቢናው በሚነሳበት ቦታ ላይ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። ይህችን ፊውዝ እንዳትዘልሏት። ቮልስ ላይ የቦቢናው መስመር በፊውዝ አያልፍም፤ ያ ረጅም ሽቦ ቦዲ ከነካ እሳት ነው።

ከዚያ ቀለበት መንገድ ወጣን። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው አምፖሏን ያያሉ። ተቆራረጠች። «በርታለች!» አሉ። ደገመች። አሁንም በርታለች። በዚህች አምፖል ከባትሪ እስከ ቦቢና ያለው መስመር በሙሉ ነጻ ወጣ። ቤንዚንም ቢሆን አይመስልም ነበር። ቤንዚን ሲያጥር ሞተር እየተዳከመ፣ እየተንገዳገደ ነው የሚጠፋው። ኤሌክትሪክ ግን እንደ ተዘጋ በር ነው፤ ጥርቅም ብሎ ይሄዳል፣ ጥርቅም ብሎ ይመጣል። የቀረው ከቦቢናው ወዲያ ያለው ነው፦ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር፣ ውስጡ ሆኖ የቦቢናውን ኮረንቲ የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ፑንቲና፣ ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀው ኮንደንሰር።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ጋዝ ሳይረገጥ፣ እየሠራ ሳለ ጋሼ ከካርቦራተሩ ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደውን ቀጭን የቫኩም (የሞተሩ አየር መሳብ) ቱቦ ከካርቦራተሩ በኩል ነቀሉ። ጫፉን አፋቸው ውስጥ ከተቱና ሳቡ። ሞተሩ ጥርቅም! ለቀቁ፤ ተመለሰ። ሳቡ፤ ጥርቅም። ጤነኛ ሞተር ቢሆን ድምፁ ትንሽ ይለወጥ ነበር እንጂ አይቆረጥም።

ነገሩ ቀላል ነው። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን አለ። በለስላሳ ጋዝ ስትነዳ ቫኩም ያንን ሳህን ይስበዋል፣ እሳቱ ቀደም ብሎ እንዲመጣ። ሙሉ ጋዝ ስትረግጥ ቫኩሙ ይወድቃል፣ ሳህኑም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሚኒሞ ላይም አይሳብም። ኮረንቲውን ወደ ፑንቲናው የሚያደርስ፣ ከሳህኑ ጋር አብሮ የሚታጠፍ አጭር ሽቦ አለ። የእኔዋ ልባሱ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ግን ተበጥሷል። ሳህኑ ሲሳብ ሁለቱ ጫፎች ይለያያሉ፤ ሲመለስ ይገጥማሉ። ዳገቱ ለምን እንዳልከበዳት፣ ጋራዥ ቆማ ለምን ጤነኛ እንደሆነች በአንዴ ገባኝ።

ጥገናው አጭር ነው። ሶማሌ ተራ ከተገዛ አሮጌ ዲስትሪቢውተር ላይ ያንኑ ሽቦ ወስደን በየዳን። ማንኛውም የመኪና ሽቦ ይበቃል እንዳትሉ። እዚያ የሚገባው በጣም ቀጫጭን ክሮች ያሉት፣ ልምጥ የሚል ነው። ተራ ሽቦ በመተጣጠፍ ብዛት ይበጠሳል። የፑንቲናውን ክፍተትም 0.4 ሚሊሜትር ላይ መለስነው።

መልቲሜትር ለያዛችሁ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ክር ብቻ የቀረውን ሽቦ በመልቲሜትር ብትለኩት 12 ቮልት ያሳያችኋል። መሣሪያው ኮረንቲ የሚወስደው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ድካሙን አያይም። አምፖል ግን ትጭነዋለች። መልቲሜትሩን መጠቀም ከፈለጋችሁ የፊት መብራቱን አብርታችሁ በማሳው በኩል ለኩ፤ አንዱን ጫፍ አምፖሉ ማሳ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካያችሁ ማሳው ታሟል። ሁለት ባለ 45 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 7.5 አምፔር ገደማ ይስባሉ። የጋራ ማሳቸው ላይ 0.2 ኦም ብቻ ዝገት ቢኖር 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ክረምት ማታ ፍሬቻ ስታበሩ የፊት መብራታችሁ አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነም ቡናማዎቹን የማሳ ሽቦዎች ፈታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ።

ፊውዙ ላይ የሲጋራ ብር ወረቀት መጠቅለልን ግን ተዉት። ቮልስ ላይ ያሉት የድሮዎቹ ፊውዞች ጫፋቸው ስለሚዝግ በጣት ስታዞሯቸው መብራት ይመጣል። መፍትሔው መያዣውን ማጽዳትና አዲስ ፊውዝ ማስገባት ነው። ነጩ ባለ 8፣ ቀዩ ባለ 16 አምፔር ነው። ብር ወረቀት አይቀልጥም፤ የሚቀልጠው ሽቦው ነው።

አሁን ሌላ ሥራ ይዣለሁ። መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዤ ስዞር ክላክሱ አንዳንዴ ራሱ ይጮሃል፤ ወደ ቀኝ ግን አንድም ቀን አልጮኸም። ቮልስ ላይ የክላክሱ ቁልፍ የሚያገናኘው ማሳውን ስለሆነ፣ መሪው ዘንግ ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረት እየነካ ነው ብዬ እገምታለሁ። ደብተሩ ላይ እየጻፍኩ ነው። ቅዳሜ ጋሼ ዘንድ እወስዳታለሁ።