በዋስትና የተቀየረልኝ ስልክ አዲስ ነው ወይስ የታደሰ?

የዋስትና ጊዜው ሳያልቅ የተበላሸው ስልኬ ተቀይሮ ደሴ ሲደርሰኝ፣ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ አገላብጬ አየሁት፤ የመጣው ሥዕል በሌለው ነጭ ካርቶን ሲሆን ቻርጀር አልነበረውም። ስክሪኑ ጭረት የለበትም፤ ከቻርጀር መሰኪያው አጠገብ ያለችው የአንዷ ብሎን ጭንቅላት ግን በመጠኑ ተፍቃለች። ሻጩ «አዲስ ነው» ቢለኝም፣ የዋስትና ወረቀቱ እንዲያ አይልም።

በዋስትና የታደሰ፣ ማለትም ያገለገለና ተጠግኖ የተፈተሸ፣ ስልክ መስጠት የተለመደ አሠራር ነው። ለምሳሌ አፕል፣ ምትኩ ከአዲስ ወይም ተፈትሸው መስፈርቱን ካለፉ ያገለገሉ ክፍሎች የተሠራ ሊሆን እንደሚችል በዋስትና ውሉ ላይ ያሰፈረ ሲሆን፣ የምትኩም ዋስትና የቀድሞው ቀሪ ጊዜ ወይም 90 ቀን፣ ከሁለቱ የረዘመው ነው። የአይፎን ሞዴል ቁጥር በኤፍ ከጀመረ የታደሰ፣ በኤን ከጀመረ ምትክ መሆኑን ያመለክታል።

ቅር ያሰኘኝ መታደሱ ሳይሆን አለመነገሩ ነው፤ ቢነገረኝ ኖሮ ባትሪው መቀየሩን እዚያው በጠየቅሁ ነበር።